የታሪካዊ ባቡር ጣቢያዎች እድሳት በብርድ ወራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በብሪታንያ ያረጁ የባቡር ጣቢያዎችን ያለ ክፍያ የሚያድሱ በጎ ፈቃደኞች ዋናው የሥራ ወቅታቸው ሌላው ሰው ከቤት መውጣት የሚጠላበት የብርድ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ስለዚህ ሥራ የሚሰሙ፣ በተለይም በዚያ አገር የሚኖሩና ለመሳተፍ የሚያስቡ ኢትዮጵያውያንን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካዊ የባቡር መስመር የሚባለው ምንድን ነው?

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብሪታንያ አውቶቡስና የቤት መኪና እየበዙ ሲሄዱ ብዙ የባቡር መስመሮች ኪሳራ ላይ ወደቁ። በ1963 የአገሪቱ የባቡር ድርጅት ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር ሪቻርድ ቢችንግ ያወጡት ሪፖርት 2,363 ጣቢያዎችና 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ፤ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው ተዘጋ። የአካባቢ ነዋሪዎችና የባቡር ወዳጆች ተሰባስበው ከተዘጉት መስመሮች አንዳንዶቹን እየገዙ ወይም እየተከራዩ እንደገና ባቡር አስኬዱባቸው። እንዲህ ያለው ነገር ግን ከሪፖርቱም ይቀድማል፤ በዌልስ የሚገኘው የታሊሊን መስመር ባለቤቱ ሞተው ሊዘጋ ሲል ከ1951 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እጅ በመግባት በዓለም የመጀመሪያው ሆኗል። ዛሬ በመላው ብሪታንያ በእንዲህ ያሉ መስመሮች ላይ የሚያገለግሉት በጎ ፈቃደኞች ቁጥር ወደ 22,000 ይገመታል።

ሥራው ለምን በብርድ ጊዜ ይሆናል?

አብዛኞቹ መስመሮች የገና ሰሞን የልጆች ባቡር ጉዞ ካበቃ በኋላ እስከ የካቲት አጋማሽ፣ አንዳንዶቹም እስከ ፋሲካ ድረስ ባቡራቸውን ያቆማሉ። የዓመቱ ገቢ የሚሰበሰበው በበጋና በገና ሰሞን ስለሆነ በእነዚያ ወራት መንገደኛው ባቡር የሚሳፈርበትን መድረክ መቆፈር፣ በመቆያ ክፍሉ ዙሪያ ስካፎልዲንግ (ጊዜያዊ የሥራ መወጣጫ) ማቆም ወይም የትኬት መሸጫውን ወለል መንቀል መንገደኛን ማባረር ይሆናል። በጥር ግን ጣቢያው ባዶ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከባቡሩ ጋር አይገናኝም። በሀዲዱ ዳርና በጣቢያው ጀርባ የበቀለው ቁጥቋጦ መመንጠር ያለበት ወፎች ጎጆ ከመሥራታቸው በፊት ነው፤ የሚፈለፍሉበት ዋናው ጊዜ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ሲሆን እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ማፍረስ በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ መጋዝና መጥረቢያ የሚወጣው በብርድ ነው። የቀኑ አጭርነት ብቻ አይመችም፤ በሰሜን እንግሊዝ በታኅሣሥ አጋማሽ የፀሐይ ብርሃን የሚቆየው 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

በዚያ ብርድ ግድግዳ መሙላትና ቀለም መቀባት ይቻላል?

በአብዛኛው አይቻልም። ሥራውን የሚያዘው ከሰው ጉጉት ይልቅ የቁሱ ጠባይ ስለሆነ፣ ብሩሽ ይዞ የሚመጣ አዲስ በጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብሩሹን ሳይነክር ቢያሳልፍ ሊደነቅ አይገባም።

የቪክቶሪያ ዘመን ጣቢያዎች የጡብና የድንጋይ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የተያያዘው በኖራ ማልታ ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየሳበ ስለሆነ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይህ ሂደት ከሞላ ጎደል ይቆማል። በዚህ መሀል ውርጭ ካገኘው ደግሞ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በመቶ 9 ያህል ስለሚጨምር ማልታው ከውስጥ ይፈረካከሳል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለው መጋጠሚያ በጸደይ በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቅ አሸዋ ይረግፋል። ጥንቃቄ ያላቸው ቡድኖች የውጭ የኖራ ሥራቸውን በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ይዘጋሉ፤ ያለቀውንም እርጥብ ጆንያ አልብሰው፣ ብርድ ሲበረታ ደረቅ መሸፈኛ ደርበውበት ያሳድሩታል።

ቀለምም የራሱ ሕግ አለው። የብረት ዓምድ በጥር ጧት ደረቅ ቢመስልም ቅዝቃዜው አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት በላዩ ላይ ጤዛ ስለሚያደርገው፣ በዚያ ላይ የተቀባ የፀረ ዝገት ቀለም ዝገቱን ከሥሩ አፍኖ ያስቀምጠዋል። የተለመደው ጥንቃቄ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት የሙቀት ልክ ቢያንስ በ3 ዲግሪ እስኪበልጥ መጠበቅ ነው። አንዳንዶች በጋዝ ማሞቂያ ለመርዳት ይሞክራሉ፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ግን ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ክፍሉ ስለሚለቅ፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ከማድረቅ ይልቅ ያረጥበዋል።

ታዲያ በብርድ የሚሠራው መፍታት፣ መመዝገብ፣ የተፈታውን ወርክሾፕ አስገብቶ መጠገንና ውሃን ማስቆም ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የመቆያ ክፍል መስኮትን እንውሰድ። በዘመኑ በብዛት ይሠራ የነበረው መስኮት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ሁለት ክፈፎች ያሉት ሲሆን፣ ክፈፎቹን የሚያመጣጥኗቸው በጎንና በጎን በተሸሸገ የእንጨት ሳጥን ውስጥ በገመድ የተንጠለጠሉ የብረት ክብደቶች ናቸው። ሠራተኛው በቅድሚያ ፎቶግራፍ ያነሳል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ቁጥር ይጽፋል፤ ቀጥሎ የውስጡን ጠርዝ ከተደራረበው ቀለም በስስ ቢላ አላቅቆ ክፈፉን ያወጣል። መስታወቱን የያዘው ፑቲ በመቶ ዓመት ውስጥ ድንጋይ ስለሚሆን በመሮ ከተፈለፈለ መስታወቱ ይሰነጠቃል፤ በዝግታ በሙቀት እየለሰለሰ ነው የሚነሳው። ያ መስታወት መልኩ ትንሽ የሚወዛወዝ የድሮ መስታወት በመሆኑ ከሱቅ አይተካም። ክፈፉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ የሚገኘው ነገር ብዙውን ጊዜ ያጽናናል፤ የበሰበሰው ውሃ የሚያርፍበት የታችኛው አግዳሚ ብቻ ነው። እሱ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይቀጠላል፣ ጤነኛው ክፍል ሳይነካ ይቀራል። በአንድ ብርድ ወቅት የጣቢያው መስኮቶች ሁሉ በዚህ መንገድ ተጠግነው፣ ወርክሾፕ ውስጥ ተቀብተው ሊጠብቁ ይችላሉ።

ውሃ ማስቆም ስንል ደግሞ በዋናነት አሸንዳና ጣሪያ ነው። በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ የሚያፈሰው ውሃ ግድግዳውን ይወርዳል፣ ማልታው ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ የጡቡን ፊት ገፍቶ ይጥላል፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን የወራጅ እንጨት ጫፍም ያበሰብሳል። እኔ እንደሚመስለኝ ጣቢያን ያተረፈው ሥራ የሚባል ነገር ካለ፣ በኅዳር መሰላል ተደግፎ አሸንዳ የጠረገ ሰው ሥራ ነው፤ ሲመረቅ ፎቶ የሚነሳው ግን ቀለሙ ነው።

በሲሚንቶ ቢሠራ አይፈጥንም?

ይፈጥናል፤ በኋላ ግን ያስከፍላል። ሲሚንቶ ከአሮጌ ጡብ ይልቅ ጠንካራና ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ፣ ግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በጡቡ ውስጥ ይቀርና በውርጭ ጊዜ ጡቡን ይሰብረዋል። በኖራ ሲሆን ግን እርጥበቱ በመጋጠሚያው በኩል ተንኖ ይወጣል፤ ከተጎዳም የሚጎዳው በቀላሉ የሚተካው ማልታ ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በጎንደር ፋሲል ግቢ በ1930ዎቹ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ከጊዜ በኋላ በኖራ መታረም አስፈልጎታል።

ብርድና እድሳት አብረው የሚታዩበት ቦታ የት ነው?

በሰሜን እንግሊዝ ከሴትል እስከ ካርላይል የሚዘልቀው መስመር ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ዛሬም መደበኛ ባቡር የሚሄድበት በመሆኑ እንደ ታሊሊን ያለ የበጎ ፈቃደኞች መስመር ባይሆንም። ሚድላንድ የተባለው ኩባንያ ግንባታውን በ1869 ጀምሮ በ1876 ለመንገደኛ ከፈተው። 116 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር በተራራማ ምድር ያልፋል፤ 24 ቅስቶች ያሉት የሪብልሄድ ድልድይም የሚገኘው በዚሁ ላይ ነው። የዴንት ጣቢያ 350 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ በእንግሊዝ ዋና መስመሮች ላይ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ከጣቢያው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አሮጌ የሀዲድ አግዳሚ እንጨቶች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ተተክለው ይታያሉ፤ ነፋስ የሚነዳው በረዶ ሀዲዱ ላይ እንዳይከመር የቆሙ አጥሮች ናቸው። አጥሮቹም ሁልጊዜ አልቻሉትም፤ በ1947ቱ ከባድ ብርድ መስመሩ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር።

በ1970 ትናንሾቹ ጣቢያዎች ተዘጉ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ መስመሩ በሙሉ ሊዘጋ ታሰበ። በ1981 የተመሠረተው የመስመሩ ወዳጆች ማኅበር ተቃውሞውን አስተባበረ፤ በሺዎች ከሚቆጠሩት ተቃዋሚዎች መካከል የአንድ የማኅበሩ መሥራች ውሻ ሩስዋርፕ በእግሩ አሻራ ፈርሞ ተቆጥሮለታል፤ ምክንያቱም ውሻውም ተከፍሎለት የሚሄድ መንገደኛ ነበር። ዛሬ የነሐስ ሐውልቱ በጋርስዴል ጣቢያ መድረክ ላይ ቆሟል። ስምንት ትናንሽ ጣቢያዎች በ1986 እንደገና ተከፈቱ፤ መንግሥትም በሚያዝያ 1989 መስመሩ እንደማይዘጋ አስታወቀ።

የእድሳቱ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጣቢያዎቹ የተሠሩት የሚድላንድ ኩባንያ አርክቴክት በነደፋቸው ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ በሆኑ ሦስት የጎቲክ ንድፎች ሲሆን፣ ሹል ጣሪያቸውና በጣሪያው ጫፍ የተቀረጸው የማስጌጫ ሳንቃ ከሩቅ ያስለያቸዋል። ለነፋስና ለበረዶ በመጀመሪያ የሚጋለጠውም ይኸው ሳንቃ ነው። በ1990 የተቋቋመው የመስመሩ ትረስት (የበጎ አድራጎት ድርጅት) የሪብልሄድንና የከርክቢ ስቲቨንን የመሳሰሉ የጣቢያ ሕንጻዎችን ተከራይቶ አድሷል፤ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ጣቢያዎቹን በሚድላንድ ዘመን በነበረው ጥቁር ቀይና ክሬም ቀለም ይንከባከባሉ። ሴትል ላይ በ1891 የተሠራው የምልክት መቆጣጠሪያ ቤት ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ በኋላ በ1997 ወደ ጣቢያው አጠገብ ተነሥቶ በእነርሱው እጅ ታድሷል፤ ማንሻዎቹም ይሠራሉ።

አንድ ጣቢያ ወደ የትኛው ዘመን መልክ ይመለሳል?

ይህ ከሙያ ይልቅ የውሳኔ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ክርክርም ያስነሳል። በ1882 የተሠራ ጣቢያ በ1930ዎቹ ሌላ ቀለም፣ በ1950ዎቹ ሌላ ሰሌዳ አግኝቶ ሊሆን ስለሚችል የትኛው ነው እውነተኛው ማለት ይመጣል። በሰሴክስ የሚገኘው የብሉቤል መስመር ለጥያቄው የሰጠው መልስ በጣም ይማርከኛል፤ ሸፊልድ ፓርክ ጣቢያን ወደ ቪክቶሪያ ዘመን፣ ሆርስተድ ኪንስን ወደ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ወደነበረው ጊዜ፣ ኪንግስኮትን ወደ 1950ዎቹ መልሷቸዋል። መንገደኛው በአንድ ጉዞ ሦስት ዘመን ያልፋል።

ዘመኑ ከተወሰነ በኋላ ቀለሙ በግምት አይመረጥም። ከበር ጥግ ወይም ከማጠፊያ ሥር ትንሽ ቀለም እስከ እንጨቱ ድረስ በስለት ተቆርጦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ ንብርብሮቹ ከታች ወደ ላይ ተደርድረው ይቆጠራሉ። ይህም ለብርድ ቀን የሚስማማ፣ በሙቅ ክፍል ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው።

ያለ ፈቃድ መጠገን ይቻላል?

በታሪካዊ ቅርስነት ለተመዘገበ ሕንጻ መልኩን ወይም ጠባዩን የሚለውጥ ሥራ ሁሉ የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። በእንግሊዝ ምዝገባው ሦስት ደረጃ ያለው ሲሆን አብዛኞቹ ሕንጻዎች ግሬድ II በሚባለው በዝቅተኛው ደረጃ ይገኛሉ። ለብርድ ወራት የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቁት የሌሊት ወፎች ናቸው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በጣሪያ ክፍተትና በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተኝተው ይከርማሉ፤ ሁሉም ዝርያዎች በሕግ የተጠበቁ በመሆናቸው፣ አንዲት እንኳ ከተገኘች ሥራው ቆሞ ባለሙያ ይጠራል።

ምን አደጋ አለ? ምንስ ልልበስ?

ከብርዱ በላይ የሚያሳስቡት በዓይን የማይታዩት ናቸው። በድሮው የእንጨትና የብረት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ስላለ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ክልክል ነው፤ በውሃ እየታጠበ፣ ተገቢው ጭምብል ተደርጎ ይፋቃል፣ እጅ ሳይታጠብም ሻይ አይጠጣም። አዝቤስቶስ የተባለው ሳንባን የሚጎዳ የግንባታ ቁስ በብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተነካካ ሕንጻ ውስጥ ኮርኒስም ሆነ የቧንቧ መሸፈኛ ከመነቀሉ በፊት ምርመራ ይደረጋል። ባቡር ቆሟል ተብሎ ሀዲድ ላይ አይወጣም፤ የጥገና ማሽን ሊያልፍ ይችላልና የሀዲድ ደህንነት ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ከመድረኩ አይወርድም።

ልብስን በተመለከተ ብረት አፍንጫ ያለው ቦት፣ ከውስጥ ተደራራቢ ሱፍና ሁለት ጥንድ ጓንት በቂ ናቸው፤ ሁለተኛው ጥንድ የመጀመሪያው ሲረጥብ ነው። ብርቱካናማውን አንጸባራቂ ሰደርያና ቆቡን ብዙውን ጊዜ ቡድኑ ይሰጣል። በመድረኩ ላይ የሚያዳልጥ በረዶ ሲኖር አሸዋ ይበተናል፤ ጨው የብረት ዓምዶችን እግርና የመድረኩን ጡብ ስለሚበላ አስተዋይ የጣቢያ ኃላፊ በእጁ መጥኖ ነው የሚጠቀምበት።

የግንባታ ሙያ የለኝም፤ እጠቅማለሁ?

አዎ። ቁጥር መጻፍ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ጥርብ ድንጋይ ማጠብ፣ ቁጥቋጦ መሰብሰብ፣ ለሠላሳ ሰው ሻይና ሾርባ ማዘጋጀት ሙያ አይጠይቁም። ቋንቋ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ወርክሾፕ ውስጥ ከአንድ አዛውንት አናጢ አጠገብ ቢመደቡ ይሻላል፤ ሥራው በእጅ ስለሚታይ ቃሉ ከሥራው ጋር ይለመዳል። ከበጎ ፈቃደኞቹ አብዛኞቹ ጡረተኞች በመሆናቸው መሰላል የሚወጣ ወጣት በደስታ ነው የሚቀበሉት።

ጥገኝነት ጠይቄ ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው። መሳተፍ እችላለሁ?

የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጥገኝነት ጠያቂዎች ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ወይም መሰል ድርጅት በነጻ ማገልገል እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ሁኔታዎቹ ግልጽ ናቸው፤ ደመወዝ የለም፣ የሚተካው በትክክል የወጣ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ብቻ ነው፣ የተቀጣሪን ሥራ መተካትም አይቻልም። አንዳንድ መስመሮችን የሚያስኬደው ኩባንያ ሆኖ በጎ አድራጎቱ በጎን የሚቆም ስለሆነ፣ የሚመዘገቡት ከየትኛው ጋር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ መልሱንም ለጠበቃዎ ያሳዩ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከአባላት መዋጮ፣ ከትኬት፣ ከኑዛዜ ስጦታና ከሎተሪ ገቢ ለቅርስ ከሚመደበው ፈንድ ነው። ጉልበት በነጻ ቢሆንም ለጣሪያ የሚሆነው የዌልስ ስሌት ድንጋይ፣ እርሳስና ስካፎልዲንግ በነጻ አይገኙም።

ይህ ልምድ ለአገር ቤት ይረዳል?

በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ የምድር ባቡር መስመር የጣቢያ ሕንጻዎችና የድሬዳዋ ወርክሾፕ ማሽኖች አሉን፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንጻም በ1929 ተመርቆ ዛሬም ቆሟል። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሌሎች ጣቢያዎች ስላሉት ከእነዚህ አሮጌዎቹ አብዛኞቹ የመንገደኛ ሥራ የላቸውም። በረዶ ባይኖርም ክረምታችን ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ዝናቡ ሳይገባ አሸንዳ መጥረግና ጣሪያ መድፈን፣ የውጭ ኖራ ሥራን ለመስከረም ማቆየት፣ በዝናቡ ወራት በሮችንና መስኮቶችን በጥላ ሥር መጠገን ለእኛም ይስማማል። በድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርተው ዛሬ በስደት ያሉ አባቶች ደግሞ ለእንግሊዞቹ ወርክሾፖች ራሳቸው መምህር መሆን ይችላሉ።

ለመጀመር መቼ ማመልከት ይሻላል?

በመስከረም ወይም በጥቅምት። የብርድ ወራት የሥራ ዕቅድ የሚወጣው ያኔ ነው፤ የደህንነት ሥልጠናውም ብዙውን ጊዜ ባቡሩ ከመቆሙ በፊት ይሰጣል። በጥር የሚመጣ ሰውም ተቀባይነት አያጣም፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ወሩን ቁጥቋጦ በመጎተት ሊያሳልፈው ይችላል።